የፍሬን ዘይት ዕርቅ

ወልቂጤ ውስጥ አንድ አባት ነበሩ። በልጅነታቸው በትሬንታ ኳትሮ ረዳትነት ጀምረው፣ በስተርጅና የአንድ ዶልፊን ሚኒባስ ባለቤት ሆነው ያረፉ። ሦስት ልጆች ነበሯቸው። ታላቁ መርካቶ ቆርቆሮና ምስማር ይሸጣል። ታናሹ ዶልፊኑን ይዞ አዲስ አበባ ይመላለሳል፤ መሄጃው ብቻ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መካከለኛዋ፣ ሴቷ፣ ከግቢው አልወጣችም። እንሰት እየፋቀች፣ ቆጮና ቅቤ ገበያ እያወጣች አባቷን እስከ መጨረሻው አስታመመች። ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች ከሁለቱ ወንዶች ጀምረው በሁለቱ ወንዶች ይጨርሱታል። እኔ ግን ከመኪናው ልጀምር፤ መጀመሪያ የታመመው እሱ ነውና።

ትሬንታ ኳትሮ ጣሊያን ያመጣው የፊያት ከባድ የጭነት መኪና ነው። መሪው በክንድ ብቻ አይዞርም፣ ደረት ይጠይቃል። አባት ያን ዘመን ሲያወሩ ሳያውቁት ትከሻቸውን ያሻሹ ነበር። ለዚህም ነው ዶልፊኑን የገዙ ሰሞን መሪውን ቆሞ እንኳ በአንድ እጃቸው ሲያዞሩት እየሳቁ ሚስታቸውን «ነይ እዪ» ያሉት። ይህን ያስቻለው ፍራንሲስ ዴቪስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው፤ በ1926 እ.ኤ.አ. የሠራውን መሣሪያ ገጥሞ አሳየ። መሣሪያው ለገበያ በሚቀርብ የቤት መኪና ላይ የተገጠመው ግን ክራይስለር በ1951 ኢምፔሪያል የተባለውን መኪናውን ሲያወጣ ነው። ነገሩ ሲገለጥ ቀላል ነው። ሞተሩ በቺንጋ አንዲት ፖምፓ ያዞራል፣ ፖምፓዋ ዘይት ትገፋለች፣ ዘይቱ በሹፌሩ ክንድ ፈንታ ጎማውን ይገፋል። መኪናው ቆሞ መሪው እስከ ጥግ ሲጠመዘዝ ውስጥ ያለው ግፊት በብዙ መኪኖች ከ70 እስከ 100 እጥፍ የከባቢ አየር ግፊት ይደርሳል። ያን ሁሉ ኃይል እንዳይፈስ አግዶ የሚይዘው ከጣት ቀለበት ብዙም የማይበልጥ ጎሚኒ ነው።

አባት ፊደል አልቆጠሩም። ሆኖም የመሪ ዘይት ዕቃው ክዳን ላይ ጎልቶ የተጻፈውን ጽሑፍ በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ ያውቁት ነበር። «ዴክስሮን ነው የሚለው» ይላሉ። «የሸጠልኝ ሰው ይህን አሳይቶኛል። ከዚህ ሌላ እንዳታጠጡት።» ለታናሹ ያወረሱት የመኪና ትምህርት በሙሉ ይኸው ነበር ማለት ይቻላል። ሌላውን መንገዱ አስተማረው።

አባት ባረፉ በዓመቱ፣ ነሐሴ ላይ፣ ዶልፊኑ ማንጠባጠብ ጀመረ። ታናሹ ማታ ከፊተኛው ጎማ ስር ካርቶን ያነጥፋል፤ ጠዋት ሲያነሣው ቀይ ነጠብጣብ ይዞ ያገኘዋል። ዘይቱ ሲጎድል መናኸሪያ ውስጥ መሪ በጠመዘዘ ቁጥር ፖምፓዋ ታቃስታለች። ጂማ መንገድ ዳር ጋራዥ ወዳላቸው ሽማግሌ መካኒክ ሄደ። አገሩ ሁሉ ሀጂ ነው የሚላቸው።

ሀጂ ኮፈኑን ከፍተው ብዙ አልቆዩም።

«ጎሚኒው በዕድሜ ደርቋል» አሉት። «ይፈታል፣ ይቀየራል፣ ውስጡ ይታጠባል። ሁለት ቀን ታቆመዋለህ።»

«ሀጂ፣ መስቀል እኮ ደረሰ!»

ይህን ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። ክርስቲያኑ ጉራጌ ለመስቀል፣ ሙስሊሙ ለአረፋ አገሩ ይገባል፤ መርካቶ ግማሽ ሱቋን ዘግታ ወደ ወልቂጤና ወደ ቡታጅራ የምትተምበት ሰሞን ነው። የሚኒባስ ሹፌር የዓመቱን ዕዳ የሚከፍለው በእነዚያ ሳምንታት ነው። ሁለት ቀን መቆም ማለት ለእሱ የሁለት ቀን ጉዳይ አልነበረም። ሀጂ ይህን ያውቃሉ። ቢሆንም መልሳቸው አልተለወጠም፤ ኮፈኑን ዘግተው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ።

ልጁ ከዚያ ወጥቶ የመኪና ዕቃ መሸጫ ገባ። ሱቁ ውስጥ የቆመ ሁሉ መምህር ሆነበት። አንዱ፣ ከጀርመን የመጣ አረንጓዴ ዘይት አለ፣ ውድ ነው፣ ውድ ከሆነ ደግሞ ጥሩ ነው አለው። ሌላው፣ የሞተር ዘይት ጨምርበት፣ ወፈር ስለሚል አይንጠባጠብም አለ። ሦስተኛው ከተሳፋሪ ወንበር ወርዶ ሲጋራ ሊገዛ የገባ ሰው ነበር፤ እሱም ምክር አላጣም። አረንጓዴው ዘይት እውነትም ጥሩ ዘይት ነው፣ ለተሠራለት መኪና። አንዳንድ የአውሮፓ መኪኖች ሌላ አይፈልጉም። በቀለም መሄድም አያዋጣም። ቀዩ ዘይት ቀይ የሆነው ለአውቶማቲክ ካምቢዮ ሲሠራ ከሞተር ዘይት ተለይቶ እንዲታይ ቀለም ስለተነከረ እንጂ ቀይ ነገር ሁሉ የመሪ ዘይት ስለሆነ አይደለም፤ የራዲያተር ውሃም ቀይ አለ። ሲትሮየን የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ እስከ 1966 እ.ኤ.አ. ዲኤስ ለተባለው መኪናው ቀይ ፈሳሽ ይጠቀም ነበር። ከዚያ ወደ አረንጓዴ ዞረ። መኪናው ያው መኪና፣ ፋብሪካው ያው ፋብሪካ ነው፤ ግን የአንዱ ፈሳሽ በሌላው ውስጥ ከገባ ጎሚኒውን ያበላሸዋል። መካኒክ እንዳይሳሳት የአዲሶቹን ዕቃዎች አረንጓዴ ቀቧቸው።

ታናሹ ልጅ ግን የአውሮፓን ነገር ሊሰማ አልመጣም። የሚፈልገው ነጠብጣቡ እንዲቆም ነው። ባለሱቁ አጎንብሶ ከመደርደሪያው ሥር አንዲት ትንሽ ጠርሙስ አወጣና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የፍሬን ዘይት ነው። ሩቧን ብቻ ጠብ አድርግበት። በሦስት ቀን ቀጥ ይላል፣ እኔ ልሙት!»

ባለሱቁ አልዋሸም። በሦስተኛው ቀን ካርቶኑ ደረቅ ሆኖ ተነሣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመሪው ጎሚኒ ናይትራይል ከሚባል ጎማ የተሠራ ነው፤ ከድፍድፍ ከሚወጣ ዘይት ጋር ተስማምቶ ዕድሜውን ይገፋል። የፍሬኑ ጎሚኒ ሌላ ዘር ነው፤ ከግላይኮል ለሚቀመመው ለፍሬን ዘይት የተፈጠረ። ሁለቱም ዘይቶች በየቤታቸው ንጹሓን ናቸው። ቤት ሲለዋወጡ ነው የሚጣሉት። የመሪ ዘይት ፍሬን ውስጥ ቢገባ የፍሬኑ ጎሚኒ አብጦ መኪናው ፍሬን እንደያዘ ይቀራል። የፍሬን ዘይት መሪ ውስጥ ቢገባም የመሪው ጎሚኒ ያብጣል። ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው፦ ያበጠ ጎሚኒ መጀመሪያ ይደፍናል። የደረቀው ይለሰልሳል፣ የጠበበው ይሰፋል፣ ማንጠባጠቡ ይቆማል። ባለመኪናውም ዳነልኝ ይላል። ጎሚኒው ግን ማበጡን አያቆምም፤ ውስጥ ውስጡን እየላላ፣ እየተልፈሰፈሰ ይሄዳል። ፖምፓዋም የሚያለሰልሳት ዘይት ቀጥኖባት ብረት በብረት ትፋጫለች።

ታናሹ በሀጂ ደጃፍ ሲያልፍ ጡሩንባ ነፋ።

«ሀጂ! ያለ ካቻቢቴ ዳነ!»

«ምን አጠጣኸው?»

ነገራቸው። ሀጂ ከተቀመጡበት ተነሡ።

«ዛሬውኑ አፍስሰው።»

«ከመስቀል በኋላ፣ ሀጂ። ከመስቀል በኋላ በረድኤት!»

መስቀል አለፈ። ዶልፊኑ አንድም ቀን አልቆመም። ታናሹ ለታላቅ ወንድሙ ድርሻውን ላከ፣ ቤቱን አስለሰነ፣ ከጓደኞቹ ጋር ክትፎ በላ። በጥቅምት መጀመሪያ፣ መናኸሪያ ውስጥ ሰው ሞልቶ ሊወጣ መሪውን እስከ ጥግ ሲጠመዝዝ፣ ከስር አንድ ነገር ጧ አለ። መሪው ድንጋይ ሆነ። በአባቱ ዘመን ክንድ ታግሎ ቢያዞረው ኖሮ ይዞር ይሆናል፣ እሱ ግን አልለመደውም። ዶልፊኑ ያሰበው ቦታ ሳይታጠፍ የቆመ ባጃጅ ጎኑን ጨረገደው። ሰው አልተጎዳም። ቀዩ ዘይት በአቧራው ላይ ፈሰሰ።

ሀጂ ሲፈቱት የወጣው ጎሚኒ ውሃ እንደጠጣ ባቄላ ነበር፤ በጣታቸው ሲጫኑት ቆዳው ተገፈፈ። ቱቦዎቹም ከውስጥ ላልተዋል። ፖምፓዋም ተበልታለች። በነሐሴ አንድ ጎሚኒ የነበረው በጥቅምት ሙሉ ሥራ ሆነ።

ሀጂ ምንም አላሉትም። ሽማግሌ ሲናደድ ዝም ይላል፣ ያ ደግሞ ይከብዳል። የሚቀየረውን ቀይረው፣ ውስጡን ደጋግመው በንጹሕ ዘይት አጠቡት። ከዚያ ፊቱን በክሪክ አንሥተው፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ ልጁን መሪው ላይ አስቀመጡት።

«አዙር። ከጥግ እስከ ጥግ። ቀስ ብለህ።»

እሱ ያዞራል፣ እሳቸው ቀዩን ዘይት እያፈሰሱ ዕቃው ውስጥ ያያሉ። አረፋ ይወጣል። ዘይቱ ዝቅ ይላል። ይጨምራሉ። ደግሞ አረፋ። ልጁ ደከመው።

«አሁን ላስነሣው?»

«አየር እያለ ብታስነሣው ዘይቱ ወተት ይመስላል፣ ፖምፓዋም ታለቅሳለች። አዙር።»

አረፋው ሲያልቅ ክዳኑን በጨርቅ ጠረጉና በፀሐይ አቅጣጫ ያዙት።

«እዚህ ላይ ምን ይላል?»

«ዴክስሮን ሁለት።»

«ያፈሰስኩት ሦስት ነው፤ ሁለት የሚል መኪና ሦስትን ይቀበላል፣ ታላቅ ወንድሙ ነው። ይህችን ክዳን ስንት ጊዜ ከፍተህ ዘጋሃት?»

ልጁ አልመለሰም።

ጣጣው የመጣው ከሂሳቡ ጋር ነው። ታላቁ ከመርካቶ ስልክ ደውሎ፣ የአባቴን ንብረት ያበላሸ ይክፈል አለ። ታናሹ፣ ድርሻህን ስትቀበል ይንጠባጠባል ወይ ብለህ ጠይቀኸኛል? አለ። ከዚያ ነገር ነገርን ወለደ። የመኪናው ነገር ወደ ግቢው ሄደ፣ የግቢው ነገር ወደ እንሰቱ፣ የእንሰቱ ነገር ባንዱ ሰርግ ላይ ሌላው ስላልሰጠው ነገር። ሁለቱም አፍ አፍ እየተባባሉ ቆዩና ጉዳዩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ።

ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት ቤተሰቡ በመጣበት መንደር ጀፎሮ ላይ ነው። ጀፎሮን ላላየ አንባቢ፦ በጉራጌ መንደር መካከል የሚያልፍ፣ ጎጆዎቹ ግራና ቀኝ የተሰለፉበት፣ ሣር የለበሰ ሰፊ ጎዳና ነው። ሰርጉም፣ ለቅሶውም፣ ፍርዱም እዚያ ነው። ሀጂ የተጠሩት ስለ መኪናው ሊመሰክሩ ነበር፣ ግን ዕድሜያቸው ከሽማግሌዎቹ መካከል አስቀመጣቸው።

ከአዲስ አበባ ደግሞ አንድ ባለሀብት የአጎት ልጅ መጡ። ላንድክሩዘራቸውን ከዛፍ ጥላ ስር አቁመው፣ የሁለቱንም ቃል ግማሽ ያህል ሰምተው ብድግ አሉ።

«ምንድነው ይህ? አንድ ማሕፀን አይደላችሁም ወይ! የጋራዡን ሂሳብ በሙሉ እኔ እከፍላለሁ። የባጃጁንም እኔ። ተሳሳሙና ይብቃ። እኔም ማታ መመለስ አለብኝ።»

እልልታ ቀረበ ማለት ይቻላል። አንድ ሽማግሌ መመረቅ ጀመሩ። ወንድማማቾቹ እያመነቱ ተነሡ፤ ታላቁ እጁን ዘረጋ። እኔ እዚያ ብኖር እኔም አጨበጭብ ነበር ብዬ አስባለሁ። ሰው ሲታረቅ ማየት ደስ ይላል፣ በሌላ ሰው ገንዘብ ሲሆን ደግሞ የበለጠ።

«አንድ ጊዜ» አሉ ሀጂ።

ምርቃቱ ቆመ።

«ጌታው ደግ ሰው ነዎት፣ ገንዘብዎም ንጹሕ ነው። የፍሬን ዘይትም ንጹሕ ነበር። ይህ ልጅ በነሐሴ ጨመረበትና በሦስት ቀን ማንጠባጠቡ ቆመለት። እኔም አየሁት፣ ካርቶኑ ደረቅ ነበር። በጥቅምት ምን እንደሆነ ባጃጁን ጠይቁ።»

ባለሀብቱ ቅር አላቸው። «ታዲያ ምን ይሁን ነው የሚሉት ሀጂ? ይጣሉ?»

«እኔ የመኪና ሰው ነኝ። አንድ መኪና ሲመጣልኝ መጀመሪያ ክዳኑን አነባለሁ። ከተቀመጥን ጀምሮ የእነዚህን ልጆች ክዳን ያነበበ የለም። አባታቸው ሲያርፉ አልጋቸው አጠገብ ማን ነበር?»

ወንድማማቾቹ ተያዩ።

«እኅታችን» አለ ታናሹ።

«ምን ብለው እንዳረፉ ነገረቻችሁ?»

ጥያቄው ለሁለቱም አዲስ ነበር። እኅታቸው በዚያ ሰዓት ከጎጆው ውስጥ ለሸንጎው ቡና እያፈላች ነበር። ጠሯት። ረከቦቱን አስቀምጣ ወጣችና ጠርዝ ላይ ቆመች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ሴት ምን...» ብለው ጀምረው ነበር፤ አላስጨረሷቸውም። በጉራጌ ምድር እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ከባድ ነው። የቃቄ ወርድወት በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጆካ ሸንጎ ፊት ቆማ ስለ ሴቶች መብት የተከራከረችበት አገር ነው፣ ታሪኩንም ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ሽማግሌው የቡና ስኒ ፈለጉ።

«አባባ መኪናውን የገዛው በዕቁብ ነው» አለች። «ይህን ታውቃላችሁ። ዕጣው ቀድሞ ነው የወጣለት፤ ሲያርፍ ገና ብዙ ሳምንት ይቀረው ነበር። ‹ልጆቼ መኪናውን እንጂ ዕዳውን አያውቁም፣ ስሜ በዕቁቡ ዳኛ ፊት እንዳይነሣ› ብሎኝ ነው ያረፈው።»

«ማን ከፈለው ታዲያ?» አለ ታላቁ።

«ስከፍል ዓመት አለፈኝ። ከቆጮውና ከቅቤው። ለዳኛው ወንድሞቼ ልከውት ነው እላለሁ።»

የመጨረሻዋን ቃል ስትናገር ታናሹ መሬት መሬት አየ። ታላቁ ግን ነጋዴ ነውና በልቡ ይደምር ነበር፤ ፊቱ ላይ ይታያል። ባለሀብቱ እጃቸውን እንደገና ወደ ኪሳቸው ሰደዱ።

«የቀረውን ዕቁብ በሙሉ እኔ...»

«አይ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። «የቀረውን እነሱ ይክፈሉት። የእኔ ደግሞ የከፈልኩት ተቆጥሮ ከመኪናው ላይ ይጻፍልኝ።»

ይህን ጊዜ ነው ጀፎሮው የተናወጠው። ከሽማግሌዎቹ ገሚሱ ልክ ናት አሉ፤ ገሚሱ ሴት ልጅ ከአባቷ መኪና ላይ የሚጻፍላት ከየት የመጣ ቂጫ፣ ከየት የመጣ የአገር ሕግ ነው ብለው ተቆጡ። ታናሹ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኅቱ ጎን ቆመ። ታላቁ፣ እሺ፣ ግን ቤንዚኑና ጎማውም ይቆጠር አለ። ታናሹ የሹፌርነት ደመወዜስ አለ። አንድ ወጣት ጸሐፊ ደብተር ይዞ መጣ፤ መጀመሪያ የማን ስም ይጻፍ በሚለው ላይ ብቻ ቡናው ሦስተኛ ደረሰ። እኅትየዋ የዕቁቡን ደብተር ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ ለሰብሳቢው ሰጠች፤ ሰብሳቢው መነጽራቸውን ረስተው ስለመጡ ሀጂ ተቀብለው ከመጀመሪያው ገጽ ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ፤ ሳምንት በሳምንት፣ ቀን በቀን።

ፀሐይ ስትወርድ ገና ግንቦት ላይ ነበሩ። ባለሀብቱ ሰኞ ስብሰባ ስላለባቸው ገንዘባቸውን እንደያዙ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ሽማግሌዎቹ ለሚቀጥለው እሑድ ቀጠሩ። በዚያኛው እሑድም ስላላለቀ ለሌላው።